መሪ ጥያቄ

ከወላይታ ሶዶ ወደ ዳውሮ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ቁልቁል ወደ ኦሞ ከመውረዱ በፊት ቤሌን ያገኛል። የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ መቀመጫ ናት። ዛሬ ስሟ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከጊቤ ሦስት ግድብ ጋር ተያይዞ ነው። የዚህ ምዕራፍ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከግድቡም፣ ከመኪና መንገዱም፣ ከጣልያንም በፊት በወላይታና በአጎራባች አገሮች በእግሩ እየዞረ ሲሰብክ ከኖረ ሰው ነው። ኤሳ ላሌ ይባላል። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ኤሳ ሚስዮናዊ አልነበረም፤ ያስተማረው የውጭ ሰውም አልነበረም። ሕዝቡ ለመናፍስት መገዛቱን ትቶ ወደ ፈጣሪ፣ ወደ ጦሳ ብቻ እንዲጸልይ፣ እሑድንም እንዲያከብር ይናገር ነበር ይባላል። ሲጸልዩ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ወደ ሰማይ እንዲረጩ አስተምሯቸዋል የሚልም ተጽፏል። ሰው ሲከተለው ያዩ ሹማምንት ነገሩ ወደ ዓመፅ እንዳይዞር ሠግተው አሰሩት ይባላል። ስሙ ከወላይታ ውጭ የታወቀው በተለይ ሬይመንድ ዴቪስ የተባለ ሚስዮናዊ በ1966 ባሳተመው «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴንስ» በተሰኘው መጽሐፍ ነው። በወላይታ ወንጌላውያን ዘንድ ግን መጽሐፍ አላስፈለገውም፤ በአፍ ሲነገር ኖሯል። በአፍ ሲነገር ደግሞ አብሮት የሚመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ነጮች መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ፣ ሲመጡ ስሟቸው ብሎ ነበር።

ነጮቹ መጡ። የሱዳን ውስጥ ሚስዮን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት በ1927 አዲስ አበባ ገቡ። ሐሳባቸው ጅማ መድረስ ነበር፤ በ1928 ሶዶ ላይ ተተከሉ። ዘጠኝ ዓመት ከሠሩ በኋላ በ1937 ጣልያን አስወጣቸው። ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ያገኙት ግን 10,000 ያህል አማኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ማብራሪያ ይጠይቃል። ሚስዮናውያኑም ጠየቁ፦ ይህን ሕዝብ ማን አዘጋጀው? ሕዝቡም መለሰ፦ ኤሳ።

ኤሳ መኖሩን አልጠራጠርም። መዞሩን፣ መስበኩን፣ ብዙ ሰው መከተሉን የሚናገሩ ብዙ ናቸው። እግዚአብሔር ሰው አስቀድሞ ይልካል ወይስ አይልክም የሚለውም የእኔ ሥራ አይደለም። እኔ የማነሳው ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በሚስዮናውያኑ ጽሑፍ ውስጥ የምናገኘው ኤሳ ሁሉ ነጮቹ ከመጡ በኋላ የተተረከ ኤሳ ነው። ትንቢቱን የሰማ ሰው ትንቢቱን የሚያስታውሰው ፍጻሜውን ካየ በኋላ ነው። የማስታወስ ሳይንስ እዚህ ላይ የሚለው አለ።

ባሩክ ፊሾፍ እና ሩት ቤይት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወደ ቤጂንግና ወደ ሞስኮ ከመሄዳቸው በፊት ተማሪዎችን ጠየቁ። ኒክሰን ማኦን ያገኙ ይሆን? ይህ ይሆን፣ ያ ይሆን? እያንዳንዱ የመሆን ዕድሉን በቁጥር ገመተ። ጉዞው አልፎ፣ ውጤቱ በጋዜጣ ታትሞ፣ ተማሪዎቹ እንደገና ተጠሩና «ያኔ ስንት ብላችሁ ነበር?» ተባሉ። የሆነውን ነገር «ይሆናል ብዬ ነበር» ብለው ከበፊቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጡ። ማንም አልዋሸም። የሆነው ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ግምታቸውን ቀየረው እንጂ። ተማሪ የራሱን ግምት በዚህ አጭር ጊዜ እንዲህ ካረመ፣ በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ፣ በስደትና በእስር መካከል፣ የሌላ ሰው ንግግር ቢታረም ምን ያስገርማል?

ደግሞም ታሪኩ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በእነዚያ የጣልያን ዓመታት አዲስ አማኝ በገባ ቁጥር ተተርኮለታል። የእንግሊዙ ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 ባሳተመው ሥራው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብቦ ደጋግመው እንዲተርኩት አድርጓል። ታንኳው ጀልባ ሆነ፤ የባሕር አውሬ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ፤ ያልገባቸው ነገር ሁሉ ወደሚያውቁት ተጠጋ። አተራረኩ እያጠረ፣ ትርጉሙ እየጠራ ሄደ። «ወደ ፈጣሪ ተመለሱ፤ አዲስ ዘመን ይመጣል» የሚል ስብከት «ነጮች መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ» ወደሚል ለመድረስ ብዙ እርምጃ አያስፈልገውም።

ወይም በእርግጥ እንዲያ ብሎ ሊሆን ይችላል። ወላይታ ነጭ አይቶ የማያውቅ አገር አልነበረም። ምኒልክ በ1894 በወላይታው ንጉሥ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ አብሯቸው ነበር፤ ያየውንም በ1896 ጽፎ አሳትሟል። ነጭ ሰው ደግሞ እንደሚመጣ መናገር ያን ጊዜ ጥሩ ግምት እንጂ የግድ ተአምር አይደለም። 

ከሶዶ ሁለትና ሦስት ሰዓት ተጉዞ ሻሸመኔ የሚደርስ ሰው ደግሞ ሌላ የትንቢት ትውስታ ይጠብቀዋል። ጃማይካዊው የጥቁሮች መሪ ማርከስ ጋርቬይ «ወደ አፍሪካ ተመልከቱ፤ ጥቁር ንጉሥ ሲነግሥ ነፃ የምትወጡበት ቀን ቀርቧል» ብሎ ነበር ይባላል። በ1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ትንቢቱ ደረሰ፤ ራስታፈሪያን ከጃማይካ ተነስቶ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት መሬት ሻሸመኔ ላይ ሰፈረ። የጋርቬይን ንግግሮችና ጽሑፎች ያገላበጡ የታሪክ ሰዎች ግን ይህን ዓረፍተ ነገር አላገኙትም። ተቀራራቢውን ነገር ይናገር የነበረው ጄምስ ሞሪስ ዌብ የተባለ ሰባኪ ነው፤ እሱም በ1924 በጋርቬይ ማኅበር ጉባኤ ላይ ተናግሮታል። ጋርቬይ ራሱ ከጣልያን ወረራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱን አገር ጥለው ወጡ ብሎ በጽሑፍ ክፉኛ ተችቷቸዋል። ዌብ ተረሳ፤ ቃሉ ቀረ፤ ቃሉም ባለ ትልቅ ስም ፈልጎ ጋርቬይ ላይ አረፈ። የትዝታ ተመራማሪዎች ይህን የምንጭ ስህተት ይሉታል። ነገሩ ይታወሳል፣ ከማን እንደተሰማ ይጠፋል።

ሕዝብ ስለ ትዝታ ያለው እምነት ግን ከዚህ በጣም የራቀ ነው። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም ሲያሳዩ ያደገ ትውልድ በልጅነታቸው የተለያዩ ወንድማማቾች አንድ ዘፈን ሲሰሙ ሁሉም ነገር ትዝ ብሏቸው ሲተቃቀፉ አልቅሷል። የልጆቹ ትውልድ በአማርኛ ድምፅ የተተካላቸውን የቱርክ ድራማዎች ሲያይ በመኪና አደጋ ሁሉን የረሳች ሚስት አንድ ቀን ፎቶ አይታ ሁሉን ስታስታውስ ተደስቷል። ሐሳቡ አንድ ነው። ትዝታ በጉድጓድ እንደተቀበረ እህል ነው፤ አፈር ሊለብስ ይችላል፤ የቆፈረው ሰው ግን ያንኑ እህል ያገኛል።

እህሉ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ይለወጣል፤ አንዳንዴም ማንም ያልዘራው ይገኛል። ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር በ1974 የመኪና ግጭት የሚያሳይ አጭር ፊልም ለሰዎች አሳዩ። ለአንዱ ቡድን «መኪኖቹ ሲመታቱ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ለሌላው «ሲደቃቀቁ ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» አሏቸው። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። «ሲመታቱ» ከተባሉት 50 ሰዎች 7ቱ አየን አሉ፤ «ሲደቃቀቁ» ከተባሉት 50 ግን 16ቱ። አንድ ግሥ መስታወት ሰበረ። ሎፍተስ በ1995 ከዚህ ራቅ ብላ ሄደች፦ ለ24 ሰዎች ከቤተሰቦቻቸው የተገኙ ሦስት እውነተኛ የልጅነት ታሪኮች ከአንድ ፈጠራ ጋር ተሰጧቸው። ፈጠራው በልጅነታቸው ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተው በአንድ አዛውንት መገኘታቸው ነበር። 6ቱ ያልሆነውን ነገር በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ አስታወሱ።

እርግጠኛነትም ዋስትና አይሆንም። በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ሰማይ ላይ ስትፈነዳ ኡልሪክ ናይሰር እና ኒኮል ሃርሽ በማግሥቱ ጠዋት ተማሪዎቻቸውን ወሬውን የት እንደሰሙ አጻፏቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይተው ከነዚያ መካከል 44ቱን እንደገና ጠየቋቸው። ሩብ ያህሉ በሁሉም ነገር ተሳስተው ተገኙ፤ ብዙዎቹም በእርግጠኝነት ነበር የሚናገሩት። የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ሲታያቸው እንኳ ትዝታቸው አልተመለሰም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ በቮልስዋገን ሲወሰዱ የት እንደነበሩ ታላላቆቻችሁን ጠይቁና የሚሉትን ጻፉ። መጻፉ ነው ቁም ነገሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግማችሁ ለመጠየቅ።

በ1980ዎቹ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። በ1980 «ሚሼል ሪመምበርስ» የተባለ መጽሐፍ ወጣ፤ አንዲት ካናዳዊት ሴት ከሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጋር ሆና በልጅነቷ ሰይጣን አምላኪዎች ያደረሱባትን ግፍ አስታወሰች የሚል ነው። መጽሐፉ ተሸጠ፤ ቴሌቪዥን ተቀበለው። በ1983 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ላይ ክስ ተነሳ። ልጆቹ በአሻንጉሊት እየታገዙ፣ «ሌሎቹ ልጆች ነግረውናል፤ አንተስ?» እየተባሉ ተጠየቁ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም ያሉ ልጆች በስተኋላ ከመሬት በታች ስላለ ዋሻ መናገር ጀመሩ። ክሱ በ1990 ያለ አንድ ጥፋተኛ አበቃ። በጎልማሶች በኩልም በሂፕኖሲስና በተደጋጋሚ «አስታውሺ» በሚል ሕክምና የወጡ የግፍ ትዝታዎች ቤተሰብ አፍርሰዋል፤ ሰውም አሳስረዋል።

እኛ አገር ይህ አልተደረገም የሚል ሰው ካለ ስልኩን አውጥቶ ዩቲዩብ ይክፈት። ከዚያ በፊት በቪሲዲ ነበር። በጠበል ቦታም፣ በጸሎት አዳራሽም፣ በሃይማኖት ቴሌቪዥንም ያው ትዕይንት ነው። ማይክሮፎን የያዘው ሰው በጩኸት ይጠይቃል፦ «ማነህ? መቼ ገባህ? በማን በኩል ገባህ? ማን ላከህ?» የወደቀው ወጣት በሌላ ድምፅ ይመልሳል፦ በሰባት ዓመቱ፣ በምግብ፣ አክስቱ። እናት ታለቅሳለች። ሕዝቡ ያጨበጭባል ወይም እልል ይላል። በዚያ ቀን ከዚያች አክስት ጋር የነበረ ዝምድና ያበቃል።

መንፈስ አለ ወይስ የለም የሚለውን ለሃይማኖት መምህራን እተዋለሁ። የምለው ስለ ጥያቄው ነው። «በማን በኩል ገባህ?» የሚል ጥያቄ አንድ ሰው በደለኛ መሆኑን ቀድሞ ወስኖ ነው የሚመጣው፤ የቀረው ስም መሙላት ብቻ ነው። ስሙም ከየትም አይመጣም። ቀድሞውኑ ቤት ውስጥ ከሚታማው፣ ከመሬት ክርክሩ፣ ካልተመለሰው ብድር ይመጣል። ቡዳ በላው የተባለን ሰው ጭስ አሽትተው «ማን ነው የያዘህ?» ሲሉት የሚወጣው የጎረቤት ስምም ከዚያው ነው። ካናዳዊቷ በሐኪም ክፍል ሰይጣን አምላኪ ስታገኝ የእኛው ወጣት በጸሎት አዳራሽ መተተኛ አክስት ያገኛል። ሁለቱም ባህሉ ያቀረበላቸውን ሰው ነው ያገኙት።

ወጣቱ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ምንም አላስታውስም ይላል። ቪዲዮው ግን ያስታውስለታል። ዘመዶቹ ይልኩለታል፤ ያያል፤ ደጋግሞ ያያል። ኪምበርሊ ዌድ እና ባልደረቦቿ በ2002 የ20 ሰዎችን የልጅነት ፎቶ ወስደው በሞቃት አየር በሚንሳፈፍ ትልቅ ፊኛ ላይ የተቀመጡ አስመስለው ቀየሩት። ሦስት ጊዜ ስለ ፎቶው ሲጠየቁ ግማሾቹ ፊኛው ላይ መውጣታቸውን አስታወሱ፤ ነፋሱን፣ ከታች የቆሙትን ወላጆች ሳይቀር የተረኩ ነበሩ። ፎቶ ይህን ካደረገ፣ የራስን ድምፅ የያዘ፣ እናት ስታለቅስ የሚያሳይ ቪዲዮ ምን ያደርጋል? ከስድስት ወር በኋላ ያ ወጣት የአክስቱን ሰሃን፣ የዓይኗን አኳኋን ሳይቀር ያስታውሳል ብዬ እገምታለሁ። ከልቡም ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ምዕራፍ በተሳሳተ እጅ ሊገባ ይችላልና። ልጆች ላይ የሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት እውነት ነው፤ ብዙውም የሚፈጸመው በሚያውቁት ሰው ነው። ከተጠቁት አብዛኞቹ ነገሩን ረስተውት አያውቁም፤ ዝም ያሉት ስለፈሩ ወይም የሚሰማቸው ስላጡ ነው። «የሐሰት ትዝታ ነው» ብሎ እነሱን ዝም ማሰኘት ሁለተኛ በደል ነው። ለዓመታት ያላሰቡት ነገር አንድ ቀን ሳይጠሩት ትዝ የሚላቸውም አሉ። ኤልኬ ኼራርትስ እና ባልደረቦቿ በ2007 ይህንኑ ፈትሸዋል። በልጅነታቸው ጥቃት ደረሰብን ያሉ ሰዎችን ቃል ከሌላ ምስክር ወይም ማስረጃ ጋር አገናኙ። ሁልጊዜ ያስታውሱ ከነበሩት የ45 በመቶው ቃል ማረጋገጫ ተገኘለት። ከሕክምና ውጭ በራሱ ጊዜ ትዝ ካላቸው የ37 በመቶው። በሕክምና ውስጥ ሐኪሙ «የተደበቀ ነገር አለ» እያለ ሲቆፍር ትዝ ካላቸው ግን የአንዱም አልተገኘም። እኔ በዚህ ርዕስ ላይ አንድ ጥናት ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ይህንን ነው። ትዝታው ምን ያህል ሕያው ነው፣ ባለቤቱ ምን ያህል አለቀሰ የሚለው አልለየም። የለየው ከትዝታው በፊት ማን ምን ጠየቀ የሚለው ነው።

የእኛ ሕግ ይህን ከነዚህ ጥናቶች ከአብዛኞቹ አስቀድሞ ይዞታል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 ላይ ምስክሩን ያቀረበ ወገን በዋናው ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን ራሱ የሚጠቁም ጥያቄ፣ እንዳያቀርብ ይከለክላል። ችሎት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ዳኛው «መልሱን አትስጠው፤ ጠይቀው» ሲሉ ሰምቶ ይሆናል። ከችሎት ውጭ ግን ሕጉ አይሠራም። የቤሌን ወይም የሶዶን ሽማግሌ ስልክ ደግነው «አባባ፣ ኤሳ ስለ ነጮቹ ምን ብሎ ነበር?» የሚሉ ልጆች ስለ ነጮቹ የሆነ ነገር ይዘው መመለሳቸው አይቀርም። «አባባ፣ ስለ ኤሳ የሰሙትን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ከማን ሰሙት?» ብሎ የጠየቀ ነጮቹን ላያገኝ ይችላል፤ ያገኘ እንደሆነ ግን ያገኘው ነገር ዋጋ አለው።

የጊዜ ርዝመት ብቻውንም ትዝታን አያፈርስም። በአትላንታ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራ የነበረች ኢትዮጵያዊት እዚያው የሚሠራ አንድ ሰው አየች፤ በቀይ ሽብር ጊዜ የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ነበር። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት። በ1993 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው፤ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። እነዚህ ሴቶች ፊቱን ያወቁት በእስር ቤት ነበር። አልረሱትም ነበርና የቆፈረላቸው ሰው አላስፈለገም።

በዚያው በ1993 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆን ዴምያንዩክን ነፃ አወጣ። ትሬብሊንካ ከተባለው የናዚ የሞት ካምፕ የተረፉ ሰዎች «ኢቫን ጨካኙ» እያሉ የሚጠሩት ዘበኛ እሱ መሆኑን ችሎት ፊት በሙሉ ልብ መስክረው፣ በ1988 ሞት ተፈርዶበት ነበር። እነዚያ ምስክሮች ያዩት ሲኦል እውነት ነው፤ ሐዘናቸውም እውነት ነው። ነገር ግን ሰውየውን መጀመሪያ የለዩት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው፣ መርማሪዎች ካቀረቡላቸው ፎቶዎች መካከል ነበር። በኋላም ከሶቪየት መዛግብት የወጡ ቃሎች የሌላ ሰው ስም ይዘው መጡ፤ ዳኞቹም ጥርጣሬ አለ አሉ። ዴምያንዩክ ግን ንጹሕ ሰው አልነበረም። በ2009 ሙኒክ ላይ እንደገና ለፍርድ ቀረበ፤ ክሱ አሁን ሶቢቦር በተባለ ሌላ ካምፕ ዘበኛ ነበር የሚል ነው። በዚህኛው ችሎት ፊቱን አይቶ «እሱ ነው» ያለ አንድም ምስክር አልነበረም። ጥፋተኛ የተባለው በዋናነት በሰነድ ነው፤ ከሰነዶቹም አንዱ ቁጥሩ 1393 የሆነ የዘበኛ መታወቂያ ወረቀት ነበር። ይግባኙ ሳይታይ በ2012 ሞተ።